የተገዛ እብጠት

እህቴ የሺዓለም ከዓይኗ ሥር ጋዝ ልታስወጋ ከዓመቱ ቀን ሁሉ መርጣ ያገኘችው ታላቅ ወንድማችን የተቀበረበትን ማክሰኞ ነው። የሐኪሟ ሕንፃ እዚያው ፒያሳ ቆሟል፣ ሐኪሟም የትም አትሄድም፣ ፊቱም ቢሆን ስልሳ ሊሞላው የተቃረበ ፊት ነው። ሳምንት ቢቆይ ምን ይሆን ነበር?

ወንድማችን መሞቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እንዳትሰማ የተደረገችው እሷ ብቻ ናት፤ ምክንያቱም እሑድ የልጇ የሕሊና ሠርግ ነው። ሠርጉ የሙሽራው አባት የሞቱ ጊዜ አንዴ ተገፍቷል። ከዚህ እሑድ ካለፈ ደግሞ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ከጾሙ በኋላ ምን እንደሚመጣ ማን ያውቃል። ደንባችን የታወቀ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጠንካራ ጠንካራ ሴቶች ግራና ቀኟን ይዘዋት ነው የሚነገራት። አንዴ ከተነገረ በኋላ ሠርግ የሚባል ነገር የለም፤ ለሠርግ የተተከለው የእድር ድንኳን ለለቅሶ ይሆናል፣ ሙሽራዋም ነጭ ቀሚሷን ሰቅላ ጥቁር ትለብሳለች። ስለዚህ የእድራችን ዳኛ አቶ ወልደገብርኤልና የቤተሰቡ ትልልቅ ሰዎች ሰኞ አመሻሽ ላይ እኔ ሱቅ ቆመው ተማከሩና ወሰኑ። መርዶው ከመልስ በኋላ ይነገራል። እስከዚያ ማንም አያለቅስም፣ ማንም ጥቁር አይለብስም፣ ሰፈራችን እሪ በከንቱ በሙሉ ምላሱን ይነክሳል።

እኔ እንቁ ነኝ፣ የየሺዓለም ታናሽ። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ክር፣ ዚፕና ቁልፍ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ሟቹ ጋሼ ዘርዓብሩክ የኔም ወንድም ነው። አባታችን ሲሞት አትክልት ተራ ሽንኩርት እየቸረቸረ ያሳደገን እሱ ነው። ኋላ ትዳር ይዞ ጂማ ገባና እዚያው ቀረ። ስኳር እግሩን ከያዘው ወዲህ መንገድ ስለማይችል ሕሊናን በስልክ እመርቃታለሁ ብሎ ነበር። ባለቤቴ እሸቴ "ለሠርጉ የሚሆን ቡና ላመጣ ነው" ብሎ ወደ ቀብሩ ሄደ። እኔ ቀረሁ። ሁለታችንም ብንጠፋ ያስነቃል።

ለቅሶዬን ሱቅ ውስጥ ነው የጨረስኩት። መይሙና፣ ጎኔ ብርድ ልብስና አንሶላ የምትሸጠዋ ጎረቤቴ፣ የሱቄን መዝጊያ ወደ ታች ሳበችልኝና ብርድ ልብስ አፌ ላይ ያዘችልኝ። ትንሽ እንዳነባሁ "በቃሽ፣ ዓይንሽ ያብጥና ትነቃብሻለች" ብላ ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ አጠበችኝ። ላሳደገኝ ወንድሜ ያለቀስኩት ይቺኑ ነው። ከዚያ ወዲህ እንባዬ በመጣ ቁጥር ክር በየቀለሙ መደርደር እጀምራለሁ፤ ሱቄ እንደዚያ ሳምንት ተስተካክሎ አያውቅም።

እንግዲህ ማክሰኞ ማምሻውን ሱቄን ዘግቼ ወደ ቤት ገባሁ። ከየሺዓለም ጋር የምንኖረው አንድ ግቢ ነው፤ ሳላያት ወደ ቤቴ አላልፍም። አልጋዋ ላይ ጋደም ብላለች። የሁለቱም ዓይኖቿ ሥር እርሾ እንደበዛበት ሊጥ ኩፍ ብሏል።

የበሩን መቃን ይዤ ማን ነገራት እያልኩ ሰዉን ሁሉ በልቤ ከሰስኩት። ከሁሉ በፊት የከሰስኩት እሸቴን ነው።

"ምን ሆነሽ ነው እትዬ?"

"ተወጋሁ።"

"በምን?"

"በጋዝ።"

ስለ ጤፍ ዋጋ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ፒያሳ አዲሱ ሕንፃ ላይ ዶክተር ሶፊያ የምትባል የቆዳ ሐኪም አለች። በቀጭን መርፌ ከዓይን ሥር ጋዝ ትነፋለች፤ ደም ይዘዋወራል፣ ጥቁረቱ ይለቃል፣ ቆዳው ይታደሳል።

"አምቦ ውሃ ውስጥ የሚንተከተከው ጋዝ ነው እኮ። ምንም የለውም።"

"ታዲያ አንድ ጠርሙስ አምቦ ገዝተሽ ብትታጠቢበትስ?"

አልሳቀችም። በኔ ቀልድ መሳቅ ልማዷ ነበር። "ነገ ይወርዳል ብላኛለች፤ ነይ ንኪው" ብላ ጣቴን ይዛ ዓይኗ ሥር አሳረፈችው። ከቆዳዋ ሥር የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ፣ የሳሙና አረፋ ጆሮ አጠገብ ሲሟሽሽ እንደሚሰማው። ጣቴን ነጠቅኳት።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልሰማችም፣ ሠርጉም አልፈረሰም። ደስታው ግን ገና ሳይደርስ ንዴቱ ቀደመው። ዓይኔ ሊያብጥ የሚገባው እኔ ነኝ። እንባዬን በብርድ ልብስ አፍኜ፣ ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ እያጠብኩ የምዞረው ዓይኔ እንዳያብጥ ብዬ ነው። እሷ ደግሞ ሄዳ እብጠቱን በገንዘቧ ገዛችው፣ ያውም በወንድሟ ቀብር ቀን።

"ለማን ብለሽ ነው?" አልኳት።

"ለሠርጉ ነዋ። የሙሽራ እናት ነኝ። ፎቶ አለ፣ ቪዲዮ አለ።"

የሺዓለም ዕድሜዋን ሙሉ ከቫዝሊን ሌላ ቅባት ፊቷን ነክቶት አያውቅም። ባሏ ሲሞት የተላጨችውን ፀጉር እንኳ ዳግም ሲያድግ ሹሩባ ተሠሪ ብለን የለመንናት እኛ ነን። አሁን ጋዝ አማራት። ሰው ሲያረጅ ይቀብጣል የሚሉት እውነት ነው ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ።

በነጋታው እብጠቱ ትንሽ ወርዶ ነበር፣ ግን ዓይኗ ቀላ። ይህም አልበቃ ብሏት የሕሊናን ትልቅ ጥቁር መነጽር አጠለቀች፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ሳበችና "ሽንኩርቱን ራሴ ካልመረጥኩ" ብላ አትክልት ተራ ወረደች። ሽንኩርት የሚያመጣ ሰው ተይዟል አልናት፤ አልሰማችንም። የሙሽራ እናት በሠርጓ ሳምንት ከተሸካሚ ጋር እየተጋፋች ሽንኩርት ስትመርጥ ያየ ሰው ምን ይላል?

የሚለውንማ አውቃለሁ። ጥቁር መነጽር፣ ያበጠ ፊት፣ ዝም ያለ አንደበት። ይህ በኛ ሰፈር ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ያውቀዋል። ደግሞ ማንም "ምን ሆንሽ?" ብሎ አይጠይቃትም፤ ሐዘንተኛ እንዲያ አይጠየቅም። አንገቱን ደፍቶ ያሳልፋትና ቤቱ ገብቶ ጥቁር ነጠላውን ከሣጥን ያወጣል። ያቺ ሴት አትክልት ተራ ደርሳ እስክትመለስ ድረስ የሰፈሩ ግማሽ ተረድታለች ብሎ ደምድሟል።

ስትመለስ በድልድዩ በኩል መጣች፣ ሽንኩርቱን የተሸከመው ሰውዬ ከኋላዋ። መይሙና ከሱቋ ደጅ አየቻት። የያዘችውን አንሶላ ጥላ ሁለት እጆቿን ዘርግታ መንገዱን ስታቋርጥ እኔ ባንኮኒዬን ዘልዬ ነው የደረስኩት።

"እትዬ የሺ፣ እኔ ልደፋ፣ እኔ አፈር ልብላ" እያለች ነው።

"መይሙና፣ ያ ነጭ ዚፕ አንቺ ጋ ነው?" አልኩ መካከላቸው ገብቼ።

"የምን ዚፕ?"

"የሕሊና ቀሚስ ዚፕ" ብዬ ክንዷን በኃይል ቆነጠጥኳት። "እትዬ ዓይኗን ለውበት ተወግታ ነው፤ ትንሽ አብጦባታል። ለሠርጉ ብላ።"

መይሙና ፈጣን ናት፤ ገባት። ግን እጆቿ እንደተዘረጉ ቀርተዋል፣ እንባዋም መጥቷል፤ መመለሻ የለውም። ስለዚህ እህቴን አቀፈቻትና "እንኳን ለልጅሽ ሠርግ አበቃሽ" እያለች ትከሻዋ ላይ አለቀሰች። የሺዓለም ከእቅፏ አልወጣችም። ሽንኩርት ተሸካሚው ጆንያውን ካንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ፣ መኪናው ጥሩንባውን ነፋ፣ እሷ እዚያው ናት። እኔ ደግሞ ቆሜ እናደዳለሁ። ወሬው እንዳይወጣ ሰው ልቡ ሊፈነዳ ነው፣ እሷ አስፋልት መሃል መታቀፍ አምሯታል።

ሐሙስ ጠዋት አቶ ወልደገብርኤል ከዘራቸውን እያንኳኩ ሱቄ መጡ። ቁጭ በሉ ብላቸው እምቢ አሉ።

"እንቁ፣ የሺዓለም ሰምታለች ይባላል። ከሰማች ሐዘንተኛን አፍኖ ማስቀመጥ ነውር ነው። ድንኳኑን ዛሬውኑ ለለቅሶ እናድርገው።"

"አልሰማችም ጋሼ። ዓይኗ ያበጠው በጋዝ ነው።"

"ምድጃ ፈነዳባት?"

"አይ። ሐኪም ናት የወጋቻት፣ በመርፌ።"

"ምን አሟት?"

"ምንም አላመማትም። እንድታምር ነው።"

"አሁን አምራለች?"

"አላማረችም።"

"ታዲያ?"

"እብጠቱ ሲወርድ ነው የምታምረው።"

"እብጠቱ ሲወርድማ ድሮም የነበረችውን ትሆናለች።"

እኔ ራሴ የማልቀበለውን ነገር ለሌላ ሰው ሳስረዳ የሰነበትኩበትን ያን ሳምንት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

"ስሚኝ ልጄ። በእድር ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ያበጠ ዓይን ከለቅሶ ሌላ ምክንያት ሲኖረው አላየሁም። እኔ ባምንሽም ሰዉ አያምነንም። ያበጠ ዓይን እያየ እስክስታ የሚወርድ የለም። እስከ ቅዳሜ ካልወረደ አንዷ ሳትችል ቀርታ እሪ ትላለች፣ ከዚያ ሁሉም ይከተላታል። ያኔ መርዶውም ሠርጉም አንድ ላይ ይበላሻል።"

"ይወርዳል" አልኳቸው።

አልወረደም። ዓርብ ጠዋት ጭራሽ ብሶበት አደረ። ሕሊና ከፀጉር ቤት ቀጠሮዋ በፊት ገብታ አይታት "እማዬ፣ ለፎቶው ነው ያልሽኝ፤ ፎቶው ላይ ምን ልትመስዪ ነው?" ብላ ልታለቅስ ደረሰች። የሙሽራ እንባ ይጨመርብን ብዬ ልጅቱን ገፍቼ አስወጣኋትና ከጓዳ ቀዝቃዛ ማንኪያ አምጥቼ የእህቴ ዓይን ሥር ማሻሸት ጀመርኩ። ውጪ፣ ድንኳኑ ሥር፣ ሴቶቹ ሽንኩርት እየከተፉ ይሳሳቃሉ።

"ሐኪሟ ጋ እንሂድ፤ እስከ ነገ ማውረጃ ትስጥሽ" አልኳት።

"ተይው። ይወርዳል።"

"መቼ? በመልሱ ነው?"

"እንቁ፣ ተይኝ።"

በቃ፣ ትዕግስቴ አለቀ። "ሰው ስላንቺ ምን እያለ እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

ማንኪያውን ከፊቷ አንሥታ አየችኝ። "ምን ይላል?"

ምላሴን ነከስኩ። "የሙሽራ እናት ቀበጠች ይላል።"

"ይበል" አለች። ይህን ያለችበትን አኳኋን ልነግራችሁ አልችልም፤ የከበዳትን ነገር አስቀምጣ እንደተነፈሰች ሴት ነው። "እንዲያ ካለ ጥሩ ነው" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ወርውሬ ወጣሁ። እስከ ፒያሳ ያለውን ዳገት የወጣሁት በንዴት ነው። ከጋዙ በላይ የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነበር። በዚያ ሳምንት ሙሉ የጋሼን ስም አንድ ቀን አላነሳችም። እኔ ስልኩ አይሠራም፣ ጂማ ኔትወርክ ጠፍቷል፣ እግሩን አሞት ተኝቷል የሚሉ ውሸቶች ደርድሬ ስጠብቅ አንዱንም ሳትፈልገው ቀረች። በየእሑዱ ሳትደውልለት የማትውል ሴት፣ ልጇን ሊመርቅላት የነበረውን ወንድሟን ረሳችው። ስለ ፊቷ ስታስብ። ለዚህች ነው እኔ እንባዬን የምውጠው እያልኩ ደረጃውን ወጣሁ።

ዶክተር ሶፊያ ልጅ እግር ናት፣ ሻሿን በወጉ ያሰረች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። እንዲህ ያለ ሰው ሳይ ንዴቴ ይብስብኛል።

"ማክሰኞ እህቴን ወግተሻል" አልኳት። "ያስገባሽውን ጋዝ አውጪልን። እሑድ ሠርግ ነው።"

የእህቴን ስም ጠየቀችኝና ወንበር ሳበችልኝ። "ጋዙ እኮ የለም እትዬ። ሰውነት ወስዶ በትንፋሽ ያስወጣዋል። የዚያኑ ዕለት ነው የሚያልቀው፣ ቢዘገይ በማግስቱ።"

"ፊቷ ግን ዛሬ ከማክሰኞም ብሷል።"

"ሲነኩት ይንኮሻኮሻል?"

ጠዋት በማንኪያው ሳሻሸው የነበረውን አስታወስኩ። ለስላሳ ነበር፣ እርጥብም ነበር። "አይንኮሻኮሽም።"

"እንግዲያው ጋዝ አይደለም። ይዘዋቸው ይምጡና ልያቸው። ግን ቀይ ከሆነና ካላሳከካቸው፣ ያ ቦታ ስስ ነው፤ እንቅልፍ ማጣት ያሳብጠዋል፣ ለቅሶ ያሳብጠዋል።" የእህቴን ካርድ ሳብ አደረገች። "ማክሰኞም ሲመጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፣ ጉንፋን ነው አሉኝ። ሌላ ቀን ይምጡ ብላቸው ዛሬ ካልሆነ አሉ። ሰው ሁሉ አያብጥም ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀኝ። እሳቸው የጠየቁኝ በእርግጥ ያብጣል ወይ ብለው ነው። ትንሽ ያብጣል ስላቸው እሺ ብለው ተኙልኝ።"

ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ፤ እስከዚያ ቆሜ ነበር።

በእርግጥ ያብጣል ወይ። አንድ ሳምንት ሙሉ ዓይኔ ሥር የነበረው ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ዞሮ መጣብኝ። ያልሳቀችበት ቀልድ። የመይሙና እቅፍ። ስሙን ያላነሳችው ስለረሳችው አይደለም፤ የምትጠይቀው ነገር ስላልነበራት ነው። አትክልት ተራ ደግሞ ሽንኩርት ልትመርጥ አልሄደችም፤ ጋሼ በጎረምሳነቱ ቆሞ የሚቸረችርበትን ቦታ ልታይ ነው የሄደችው። ሰፈሩን በሙሉ አፉን አስይዤ፣ ባሌን ቡና ነጋዴ አድርጌ፣ ሽማግሌ ፊት ቆሜ ስቀባጥር የከረምኩት ለማን ነው? ለቀባሪው አረዱት ይላል ሰው። እኛ ደግሞ ከቀባሪው ደበቅን።

"እኔንም ውጊኝ" አልኳት።

"ለምን?"

"ለሠርጉ።"

"ከነገ ወዲያ ሠርግ ያለበትን ሰው አልወጋም እትዬ፤ ሊበልዝ ይችላል" አለችኝ፣ በዚያው ዝግ ባለ ድምፅዋ። ልጅቱ ልክ ናት። እጇን ጨብጬ ወጣሁ።

ደረጃው ላይ ነው የጀመረኝ። አንድ ፎቅ እንኳ ሳልወርድ። የሚደረደር ክር የለም፣ ብርድ ልብስ የለም፣ ፊቴን የሚያጥብልኝ የለም፤ ግድግዳውን ይዤ ለጋሼ አለቀስኩለት። ሰዎች አጠገቤ ወጡ፣ ወረዱ። ከዚያም ነጠላዬን ሳብ አድርጌ በድልድዩ በኩል ተመለስኩ። መይሙና ከደጇ ሆና ፊቴን ስታይ ደነገጠች።

"እንቁ፣ ዓይንሽ?"

"ተወጋሁ" አልኳት።

"አንቺም?" ብላ አፏን ያዘች።

"እኔም።"

ቤት ስገባ የሺዓለም እንደተውኳት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት። ጫማዬን አውልቄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። በደንባችን ሁለት ሴቶች ብቻቸውን በተዘጋ ቤት መርዶ አይነጋገሩም። ቃሉ ከአፌ ከወጣ ደግሞ ሠርጉን የማፈርሰው እኔ ነኝ። ስለዚህ ያለኝን አንድ ነገር አልኩ።

"እትዬ፣ እኔም ተወጋሁ።"

ዞራ አየችኝ። ተነሥታ ተቀመጠች። ከዚያ እጇን ዘርግታ፣ ማክሰኞ እኔ እሷን እንደነካሁት፣ ጣቷን ዓይኔ ሥር አሳረፈችው። ቀስ አድርጋ ጫነችው። ከግራው አንሥታ ቀኙንም ነካችው። የሚንኮሻኮሽ ነገር የለም። ጣቷ ረጥቦ ተመለሰ።

"ደህና አድርጋ ወግታሻለች" አለችኝ።

"ደህና አድርጋ" አልኳት።

ጠጋ አለችልኝና አልጋው ላይ ጎን ለጎን ሆንን። ውጪ አንዷ ዘፈን ሞካክራ ሌሎቹ ተቀበሏት። የሺዓለም እጄን ይዛ፣ ጣራውን እያየች፣ በሹክሹክታ ነገረችኝ።

"ማክሰኞ ቀን ደወልኩለት። ለሕሊና የሚለውን ምርቃት በስልክ ልቀዳው ብዬ። አንድ የማላውቀው ልጅ አነሳው። ከኋላው ሰው ይጮኻል። ባለ ስልኩን ስጠኝ አልኩት። ባለ ስልኩን እየቀበርነው ነው እናቴ፣ ማን ልበል አለኝ።"

"ማን ነኝ አልሽው?"

"ተሳስቼ ነው አልኩት።"

ትራሱን መካከላችን አድርገን፣ አፋችንን ትራሱ ላይ ደፍተን፣ ላሳደገን ሰው እንደሚገባው አለቀስን። ደረት አልተመታም፣ ሙሾ አልተወረደም፣ ስሙም አልተጠራ። እሷ ትከሻዬን ይዛ ትንቀጠቀጣለች፣ እኔ እሷን። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ ሽንኩርቱ ተከትፎ አልቆ ድስቱ ተጥዶ ነበር።

በሩ ተከፈተ። ሕሊና ናት፣ ፀጉሯ ተሠርቶ፣ ጥፍሯ ተቀብቶ፣ እንደ ሙሽራ የሚያበራ ፊት ይዛ። መጀመሪያ እናቷን አየች፣ ከዚያ እኔን።

"እንቁዬ፣ አንቺም?" አለች።

"ጋዙ ነው" አልኳት።

"ሁለታችሁም አበዳችሁ? በዚህ ዕድሜያችሁ? ሰው ሁሉ ስለ እማዬ ዓይን እያወራ አንቺ ደግሞ ሄደሽ ትወጊያለሽ?" እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። ንዴቷ የኔን ንዴት ይመስላል፤ ሳምንቱን ሙሉ እንደዚያ ነበር የምቆመው። "እሑድ ፎቶ ላይ ምን ልትመስሉ ነው?"

"እስከ እሑድ ይወርዳል ልጄ" አለች የሺዓለም። "አሁን ግን ያቃጥላል። ሐኪሟ እንባው ይፍሰስ፣ አትያዙት ብላለች።"

"በጨለማ ተኙበት ብላለች" አልኩ እኔ።

ሕሊና እያጉረመረመች መጋረጃውን ሳበችልን፤ ከዚያም ወጥታ ለሴቶቹ ጮክ ብላ "ማንም እንዳይገባባቸው፣ ሁለቱም ተወግተው ነው" ስትል ሰማናት። ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ። አቶ ወልደገብርኤልም እዚያው ነበሩ መሰለኝ፣ "ታናሺቱም?" ሲሉ ድምፃቸው ተሰማኝ።

የሺዓለም ትራሱን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። ደረቁን ጎኑን ገልብጠን ቀጠልን።